ጊቤን በፎሌ

እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ሽታው ነው። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ። ጊቤ ድልድይ አጠገብ መኪናዋን ጥግ አስይዤ ስወርድ ከሁለቱ የፊት ጎማዎች ቀጭን ጭስ ይወጣል። አባዬም በሌላው በር ወርዶ ከጎኔ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። መልሶ አደረገው። ምንም አላለም። ዕድሜውን ሙሉ መሪ የጨበጠ ሰው ነው፤ የእሱ ዝምታ ከቁጣው ይከብዳል።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። መኪናዋ ተሠርታለች፤ እኛም ደህና ነን። ግን ማደያ ሰልፍ ላይ በቆምኩ ቁጥር፣ ሰው "መኪናሽ በሊትር ስንት ትሄዳለች?" ባለኝ ቁጥር ያ ጭስ ትዝ ይለኛል። ስለ ነዳጅ ቁጠባ ያልሰማሁት ምክር የለም፤ ብዙውንም ሞክሬዋለሁ። ነገሩ መግባት የጀመረኝ ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ብዬ ማርሹን አውጥቼ፣ በፎሌ፣ በወረድኩት በዚያ ቁልቁለት ላይ ነው። በደንብ እስኪገባኝ ደግሞ ወራት ፈጅቶብኛል።

ደብተሩ

ቶዮታ ያሪሷን የገዛሁት ከሥራ ባልደረባዬ ነው። 2008 ሞዴል፣ ባለ 1.3 ሞተር፣ ማንዋል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን 50 ብር አይሞላም ነበር። በ2017 ዓ.ም. 100 ብርን ተሻገረ። ያውም በማደያው ዋጋ፣ ያውም ሲገኝ። ማደያው "አልቋል" ያለ ቀን መንገድ ዳር በሀይላንድ የሚሸጠው አለ። የእሱን ዋጋ ጅማ የሚኖር ሁሉ ስለሚያውቀው አልጽፈውም።

ስለዚህ ደብተር ያዝኩ። ታንኩን እስከ አፉ እሞላለሁ፤ ኪሎ ሜትሩን እጽፋለሁ። በሚቀጥለው ስሞላ የተጓዝኩትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍላለሁ። የአንድ ጊዜ ቁጥር ያሳስታል፤ አራት አምስት ጊዜ ሲደጋገም ግን እውነቱ ይወጣል። የእኔ እውነት 12 ነበር። በሊትር 12 ኪሎ ሜትር። ለዚህች ትንሽ መኪና ይህ ብዙ መጠጣት ነው። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ12 ሲካፈል 58 ሊትር ይመጣል። እህቴ አዲስ አበባ ስለምትኖር መንገዱን በዓመት ብዙ ጊዜ እመላለስበታለሁ። 58 ሊትርን በዛሬ ዋጋ ስታባዙት ዘመድ መጠየቅ ራሱ ቅንጦት ይመስላል።

ለአባዬ ነገርኩት። ቡናውን እየጠጣ ነበር። "ቁልቁለት ላይ ፎሌ አታደርጊም እንዴ?" አለኝ፣ ይህ እንዴት ይረሳል በሚል ድምፅ።

አባዬ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከአጋሮ እና ከሊሙ ቡና በላንድሮቨር ወደ ጅማ ያመላልስ ነበር። ላንድሮቨሩ የቤንዚን ነው፤ ጠጪ ነው። በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ከሄደ ያን ቀን ደስ ይለው ነበር። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ማርሹን ያወጣና ፎሌ ያደርገዋል። ልጅ ሆኜ ከጎኑ ስቀመጥ ይህቺን ሰዓት እጠብቃት ነበር። የማርሹ ዘንግ ወደ መሃል ይመለሳል። የሞተሩ ጩኸት ድንገት ዝቅ ይላል። ነፋሱ ብቻ ይቀራል። አባዬ ወደኔ ዞር ብሎ "አሁን በነጻ ነው የምንሄደው" ይለኛል። ከዚያ የሚጥመኝ ነገር አልነበረም።

ምክሩን የተቀበልኩት ለዚህም ይመስለኛል። ስለ ሞተር የነገረኝን ትምህርት አድርጌ ብቻ አልነበረም የሰማሁት፤ ያቺ የልጅነት ጸጥታ አብራ መጣች። ከጅሬን ስወርድ ፎሌ። ከሰርቦ ወዲህ ባሉት ቁልቁለቶች ፎሌ። ደብተሬ ላይ ያለው ቁጥር ግን ፈቀቅ አላለም። 12 ነበረ፤ 12 ቀረ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የእኔ አነዳድ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከአበልቲ በታች

የእህቴ ልጅ ክርስትና ደርሶ ነበር የሄድነው። አባዬና እኔ። ኋላ ወንበር ላይ ቡና፣ ማር፣ ለአራስ የሚሆን ቅቤ። ላይ ፖርቶመጋላው ላይ የልጁ አልጋ ታስሯል። ከጅማ ሌሊት 11 ሰዓት ወጣን። ሰኮሩን ያለፍነው ፀሐይ ወጥታ ነው።

ከአበልቲ በታች መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ ሲታጠፍ አባዬ በአገጩ ወደ ማርሹ አመለከተኝ። ፎሌ አደረግኩት። መኪናዋ ራሷን ለቀቀች። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። 60፣ 70፣ 80። ፍሬን ነካ፤ ትንሽ ትረጋለች። እግሬን ሳነሳ መልሳ ትከንፋለች። እንደገና ነካ። ጭነት እንዳለባት፣ ቁልቁለቱም ረጅም መሆኑን አላሰብኩም። በየመታጠፊያው እግሬ ፍሬን ላይ ነበር።

ከፊታችን አንድ የተጫነ አይሱዙ በዝግታ ይወርዳል። ከእኔ የተሻለ ያውቃል፤ በማርሽ ነው የሚወርደው። ልጠብቀው ብዬ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ እንደ ሊጥ ለሰለሰብኝ። ወረደ። ደግሜ ረገጥኩት፤ አሁንም ወረደ። መኪናዋ ግን አልቀነሰችም። የአይሱዙው የኋላ መብራት እየተጠጋ መጣ። ከቀኝ ገደል ነው፤ ከግራ ሽቅብ የሚመጣ አውቶቡስ ይታየኛል። እጄ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ።

"ፍሪሲዮን!" አለ አባዬ። አልጮኸም። ረገጥኩ። እጁ እጄን ቀድሞ ማርሹ ላይ አረፈ። ሦስተኛ አስገባ። "ልቀቂ።" ለቀቅኩ። ሞተሩ አጓራ፤ ሁለታችንም ወደፊት ተገፋን። "እንደገና።" ሁለተኛ አስገባ። አሁን መኪናዋ እንደታሰረ በሬ ቆጠብ ቆጠብ እያለች ሄደች። አይሱዙው ጋ ሳንደርስ ፍጥነታችን ከእሱ እኩል ሆነ። እስከ ድልድዩ ድረስ በሁለተኛ ወረድን። አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ድልድዩን አልፈን ስቆም ነው ሽታው የመጣው። አባዬ እጁን ወደ ቸርኬው አስጠጋ፤ ሳይነካው መለሰው። ሙቀቱ ከሩቅ ይጋረፋል። ውሃ እንድደፋበት ሀይላንዱን ሳነሳ "ተይው፤ ይሰነጠቃል። ራሱ ይብረድ" አለኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመን ጠበቅን። ወልቂጤ ስንደርስ ክትፎ አዘዝን። አባዬ ግማሹን ተወው። ክትፎ ሲተው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የሆነው ነገር ግልጽ ነው። ፍሬን እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይቀይራል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ሙቀቱ ሲበዛ ሸራው መያዝ ያቆማል። የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ እግር ሲረገጥ ፔዳሉ ዝም ብሎ ይወርዳል። የእኔ ዘይት መቼ እንደተቀየረ አላውቅም ነበር። ያረጀ የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፤ ውሃ የያዘ ዘይት ቶሎ ይፈላል።

አበው "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ግን እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነበር። የአባዬ እጅ። እጁ ማርሽ እንደሚያድን ያውቃል። ሳያስብ ነው ያስገባው። ታዲያ እጁ የሚያውቀውን ምክሩ ለምን አልያዘውም?

ዜሮ

ጅማ እንደተመለስን አጂፕ ሰፈር ያለ አንድ ወጣት መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ሸራ ቀየረ፤ የፍሬን ዘይት ለወጠ። ስለ ፎሌው ስነግረው ሥራውን አቆመ። "ቆይ፣ በፎሌ ስትወርጂ ነዳጅ የምትቆጥቢ ይመስልሻል?" አለኝ። አባዬ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ልጁ አባዬን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ነገ ጠዋት ኑ፤ በኮምፒዩተር እናየዋለን" አለን።

በማግስቱ ሦስታችን ጅሬን ወጣን። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ አዞርን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር አስፋልቱ ገና አልደረቀም። መካኒኩ የመኪናዋን ኮምፒዩተር ማንበቢያ ከመሪው ሥር ሰካ፤ ስክሪኑን ለአባዬ ሰጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። "አባባ፣ ይቺን ቁጥር ይዩልኝ። ኖዝሉ ቤንዚን ለመርጨት ሲከፈት ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ ነው የምትናገረው። በሰከንድ አንድ ሺኛ ነው የምትቆጠረው።" አባዬ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። ቆመን ሞተሩ ብቻ ሲሠራ ቁጥሩ ሁለትና ሦስት መካከል ይንቀሳቀሳል።

መጀመሪያ በፎሌ ወረድኩ፣ በዝግታ፣ ፍሬኔን ይዤ። "ስንት ይላል አባባ?" "ሁለት ከምናምን።" ልክ ቆመን እንደነበረው። ተመልሰን ወጣን። አሁን በሦስተኛ ማርሽ ወረድኩ። እግሬን ከነዳጁ ሙሉ በሙሉ አነሳሁ።

አባዬ ስክሪኑን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። አራቀው። "ጠፋ" አለ።

"አልጠፋም አባባ። ያንብቡት።"

"ዜሮ ነው የሚለው።"

"አዎ። አሁን መኪናዋ አንድ ጠብታ አትጠጣም።"

አባዬ ወደ ሞተሩ ጆሮውን አዘነበለ። ሞተሩ እኮ ይዞራል፤ ድምፁ ይሰማል። "ታዲያ በምን ነው የሚዞረው?" አለ። "በጎማው" አለው ልጁ። "ጎማው ሞተሩን እየጎተተው ነው። የመኪናዋ ኮምፒዩተር ደግሞ እግሯ እንደተነሳ ያውቃል። ሞተሩ በራሱ እየዞረ ቤንዚን ምን ያደርጋል ብሎ ይዘጋዋል። ዙሩ ወደ 1,500 ወይ ከዚያ በታች ሲወርድ እንዳይጠፋ መልሶ ይከፍተዋል። ፎሌ ስናደርገው ግን የሚያዞረው ጎማ የለም። እንዳይጠፋ ቤንዚን ማጠጣት ግዴታው ነው።"

አባዬ ዝም አለ። ልጁ ደግሞ ቀጠለ። ንግግሩን ዛሬም አልረሳውም። "የእርስዎ ላንድሮቨር ካርቡሬተር ነበረው እንጂ ኮምፒዩተር አልነበረውም አይደል? እሱ እግርዎን ቢያነሱም ሞተሩ በፍጥነት እስከዞረ ድረስ በመምጠጥ ብቻ ቤንዚን ይስባል። ፎሌ ሲያደርጉት ዙሩ ይወርዳል፤ ያኔ በእርግጥ ይቆጥባል። እርስዎ ልክ ነበሩ። የተቀየረው መኪናው ነው።"

ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ሁለት ነገር ተባባሉ፤ አባዬም ከጊቤ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ትንሽ አለፍ ያለ ቤንዚን ይወስዳል። ያን ቁልቁለት በሩብ ሰዓት ብንወርደው የፎሌው ወጪ አንድ የሻይ ብርጭቆ ቤንዚን ነው። በማርሽ ብንወርድ ይህም ይቀር ነበር። እኔ ግን ቆጠብኩ ብዬ፣ የአባዬን ሕይወትና የእኔን ለአንድ ብርጭቆ ቤንዚን አስይዤ፣ ብርጭቆዋንም ከፍዬ ነበር።

በነገራችን ላይ ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ዝቅ ያለ ማርሽ መኪናዋን በጣም ይይዛትና መልሳችሁ ነዳጅ ትረግጣላችሁ። እንዲህ ባለው ቦታ አራተኛ ወይም አምስተኛ ላይ ትቶ እግርን ማንሳት ይበቃል። ወደ ጊቤ እንደሚወርደው ባለው ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ናቸው የሚያዋጡት። አውቶማቲክ የምትነዱም ዝቅ ያለውን ማርሽ ምረጡ እንጂ ወደ ኤን አትውሰዱት።

እግር የሚያውቀው

ከዚያ ቀን በኋላ አባዬ ሲነዳ አጥብቄ ማየት ጀመርኩ። ገረመኝ። በከተማ ውስጥ ያሪሷን እሱ ሲነዳት ፍሬን የሚነካው ከእኔ ግማሽ ያህሉን ነው። ከጅማው መርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ ስንሄድ ባጃጅ ከፊት ተሳፋሪ ሊያወርድ ሲል እኔ እጠጋና እይዛለሁ። እሱ ባጃጁ ወደ ጥግ ሳይወጣ፣ ተሳፋሪው ገና እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ እግሩን አንስቶ ጨርሷል። ሐሙስ የገበያ ቀን አህያና ሰው ሲበዛ ከሩቅ ነው የሚለቀው። መኪናዋ እየተንሳፈፈች ትደርሳለች። እስክትደርስ መንገዱ ይከፈታል። አልቆመችም። ካልቆመች እንደገና ከዜሮ መነሳት የለባትም።

ቁጠባው ይሄ ነበር። ፎሌው ልማድ ሆኖ ከጎኑ የተለጠፈ ነገር ነው። እኔ የልጅነት ዓይኔ ያየችውን የማርሽ ዘንግ ወረስኩ፤ ያላየሁትን እግሩን ተውኩት።

ነገሩን እንዲህ አስቡት። ከምንገዛው ቤንዚን ጎማው ጋ የሚደርሰው ከሩብ ብዙ አይበልጥም። የቀረው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በማርሚታ ይወጣል። ያቺ ሩብ ነች መኪናውን የምታንቀሳቅሰው። ፍሬን ስንረግጥ እሷንም ሙቀት አድርገን እንበትናታለን። ጊቤ ላይ የሸተተኝ ሽታ በብር ሲተረጎም ይኸው ነው። ከድልድዩ ወደ ወልቂጤ ለመውጣት 800 ሜትር ያህል ከፍታ አለ። የእኔን መኪና ከነጭነቷ እዚያ ድረስ ለማንሳት ብቻ ከአንድ ሊትር በላይ ይጠይቃል። ስንመለስ ያ ሊትር ቁልቁለት ሆኖ ይጠብቀናል። በዜሮ ነዳጅ ወርደን ልንጠቀምበት እንችላለን፤ ወይም ነዳጅ እየረገጥን ወርደን በየመታጠፊያው በፍሬን ልናቃጥለው።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ሳቀ። የእሱ እግር ሲነሳ ሞተሩ ራሱ ጄነሬተር ሆኖ ወደ ባትሪው ይመልስለታል። ቁልቁለት ሲወርድ ቻርጁ ሲጨምር አሳይቶኛል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ወደፊት የእሱ ዓይነት መብዛቱ አይቀርም። እኛ ግን ያለችንን አሮጌ ይዘን ነው የምንቆየው። በደንብ መያዝ አለብን።

ፍጥነትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የአየር ግፊያ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚጨምረው። ከ80 ወደ 110 ስትወጡ አየሩ የሚገፋችሁ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከወልቂጤ ወዲያ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ 110 እሄድ ነበር። አሁን 80 ላይ ነኝ። ሰው ይቀድመኛል፤ ቱሉ ቦሎ ላይ ሰልፍ ውስጥ አገኘዋለሁ። "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" የሚለው አባባል ለቤንዚን አይሠራም፤ የፈሰሰ ቤንዚን አይለቀምም።

የሚለጠፈውና የሚወጣው

ስለ ማስተካከያዎችም ይጠይቁኛል። ቤንዚን ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ "ቆጣቢ"፣ ታንክ ውስጥ የሚጨመር ክኒን። ሁሉም በማስታወቂያ ይመጣሉ። አንድም አትግዙ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሯል፤ ነዳጅ በጉልህ የሚቆጥብ ግን አላገኘም። ቤንዚን በማግኔት የሚሳብ ነገር አይደለም።

የእኔን መኪና የጎዳት የተጨመረ ነገር አልነበረም፤ የወጣ ነገር ነው። ያው ወጣት መካኒክ የሞተሩን ሙቀት በኮምፒዩተሩ ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ። ግማሽ ሰዓት ተነድታ ሙቀቷ 60 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ80 በላይ መሆን ነበረበት። ከፈተው። ቴርሞስታት የለም። ከእኔ በፊት አንድ ሰው "እንዳትግል" ብሎ አውጥቶታል።

ይህ አገራችን ውስጥ በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰውም እንደ ጥሩ ነገር ያየዋል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይዞር የሚዘጋ ትንሽ በር ነው። ከወጣ ውሃው ከመጀመሪያው ይዞራል፤ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ይውላል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ቀዝቃዛ ሞተር ሲያይ ቤንዚን ይጨምራል፤ ብርድ ላይ ያለች ሞተር የበለጠ ትጠጣለችና። እንግዲህ አስቡት። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ነች፤ አብዛኛውን ዓመት ዝናብ ነው። የእኔ ጉዞ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ገበያ፣ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። መኪናዋ ዓመቱን ሙሉ አልሞቀችም ነበር። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ከአንድ ታንክ ቤንዚን በታች ወጣብኝ። መኪና የሚግል ከሆነ የሚግልበት ምክንያት ይፈለግ እንጂ ቴርሞስታቱ አይውጣ።

ሌላው የጎማ ንፋስ ነው። ጎሚስታው በእግሩ መታ መታ አድርጎ "ጥሩ ነው" ይለኝ ነበር። መለኪያ ሲገባ 22 ፒኤስአይ ሆኖ ተገኘ። የሾፌሩ በር ሲከፈት ያለው ወረቀት ላይ የተጻፈው 32 ነው። የዚህ ልዩነቱ ከ100 ሊትር ሁለት ሊትር ቢሆን ነው፤ ትንሽ ነው። ግን ንፋስ ማስሞላት ብዙ ወጪ የለውም፤ የላላ ጎማም ረጅም መንገድ ላይ ግሎ ይፈነዳል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለኩት። ፖርቶመጋላውን ደግሞ ጭነት በሌለኝ ቀን አውርጄዋለሁ። ባዶውን እንኳ ንፋስ ይይዛል።

የአየር ፊልትሮ ላይ ግን እንደ ላንድሮቨሩ ዓይነት ነገር አገኘሁ። አባዬ በየሳምንቱ ፊልትሮ አራግፍ ይል ነበር፤ ነዳጅ ይበላል ብሎ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ይህን ሞክሮታል። የቆሸሸ ፊልትሮ የካርቡሬተር መኪናን ቤንዚን ያስጨምራል። ኮምፒዩተር ያለውን ግን ጉልበቱን ይቀንሰዋል እንጂ ነዳጁን ያን ያህል አይነካውም፤ ኮምፒዩተሩ በገባው አየር ልክ ቤንዚኑን ይመጥናል። አሁንም አባዬ ልክ ነበር። አሁንም መኪናው ተቀይሯል። የአቧራ መንገድ የሚሄድ ሰው ለሞተሩ ጤና ሲል ይቀይረው፤ ነዳጅ ይቆጥብልኛል ብሎ ግን አይጠብቅ።

ደብተሬ አሁን 15 ይላል። በሊትር 15 ኪሎ ሜትር። የአዲስ አበባው ደርሶ መልስ ከ58 ሊትር ወደ 47 ወርዷል። ከዚህ ውስጥ ቴርሞስታቱ ምን ያህል ነው፣ እግሬ ምን ያህል ነው፣ ለያይቼ መናገር አልችልም። ትልቁ ለውጥ ግን የታየው ሁለቱ አንድ ላይ በመጡበት ወር ነው።

ድልድዩ ላይ

ባለፈው ወር እንደገና አብረን ሄድን። ልጁ ቆሞ መሄድ ጀምሯል ብላ እህቴ ጠርታን ነው። አበልቲን አለፍን። መንገዱ ወደ በረሃው ሲታጠፍ አባዬ በአገጩ ወደ ማርሹ አመለከተኝ፤ እንደ ድሮው።

"ሦስተኛ" አለ።

አስገባሁ። እግሬን አነሳሁ። ሞተሩ ያዛት። ሹል መታጠፊያ ሲመጣ ሁለተኛ አደረግኩ፤ ሲቀና ሦስተኛ። ፍሬን የነካሁት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይሆናል፤ እሱም በአጭሩ፣ ጠበቅ አድርጌ ወዲያው ለቀቅ። የልጅነቴ ጸጥታ አልነበረም፤ ሞተሩ መንገዱን ሙሉ ያጉረመርማል። አባዬ መስኮቱን ከፍቶ ክርኑን አውጥቶ ሸለቆውን ያያል።

ድልድዩ አጠገብ ሲደርስ "አቁሚ እስቲ" አለኝ። ጥግ አስያዝኩ። ወርዶ ወደ ፊተኛው ጎማ ሄደ። ጎንበስ አለ። መዳፉን መጀመሪያ በሩቁ ያዘ፣ ቀስ እያለ አስጠጋ፣ ከዚያ ቸርኬው ላይ አሳረፈው። እዚያው ተወው። ሀይላንድ ይዤ ደረስኩ፤ ሊታጠብ መስሎኝ። ቀና ብሎም አላየኝም። እጁ ቸርኬው ላይ እንዳለ "ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም" አለ።